በአንድ ቤት አንድ መልስ፦ የልጆቻችንን እልህና ጠብ የያዝንበት መንገድ

ሦስት ዓመት የሞላው ልጃችን የፈለገውን ሲከለከል መሬት ላይ ተጋድሞ እግሩን እያወራጨ ይጮኽ ነበር። እኔ እከለክለዋለሁ፤ አባቱ ለቅሶው ሲበረታ ይፈቅድለታል፤ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈትተው ያጎርሱታል። በዚህ ዕድሜ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና ስላልዳበረ፣ ቋንቋውም ፍላጎትን ለመግለጽ ስለማይበቃ፣ እንዲህ ያለው ለቅሶ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። እንዲሰነብት የሚያደርገው ግን የተለያየ መልሳችን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲሸለም የቆየ ድርጊት፣ ሽልማቱ ከቆመ በኋላም ሁልጊዜ ሲሸለም ከነበረው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል። አንዴ ቁጣ፣ አንዴ ከረሜላ የሚቀበል ልጅም ከረሜላው እስኪመጣ መጮኹን ይማራል።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከልጁ ሳይሆን ከአዋቂዎቹ ነው። ከባለቤቴ ጋር መስማማት ቀላል ነበር። አማቴን ግን ማክበርም ማሳመንም ስለነበረብኝ፣ ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ፣ «እማማ፣ ከረሜላውን አይከልክሉት፤ ከምሳ በኋላ፣ ሳያለቅስ ይስጡልኝ» አልኳቸው። «ልጅ ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም እኮ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲያው አቅፈው ያባብሉት፤ ከረሜላው ብቻ ሰዓቱን ይጠብቅ» ስላቸው ተስማሙ። ማባበሉ የእርሳቸው ድርሻ ሆኖ መቅረቱ ነገሩን አቀለለው ብዬ አምናለሁ።

ከባዱ ፈተና የሰው ዓይን ባለበት ቦታ ነው። እሑድ ወደ ጣና ዳር ከመውጣታችን በፊት፣ «ዛሬ ሸንኮራ እንበላለን፤ ጀልባ ግን አንሳፈርም» ብለን ለልጆቹ አስቀድመን እንነግራቸዋለን። ልጁ ጀልባውን ሲያይ መጮኹ ግን አልቀረም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ባሰበት። አላፊ አግዳሚው «ምነው፣ ቢያሳፍሩት!» ሲል፣ ከውኃው ዳር አንስቼ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውና አጠገቡ ቁጢጥ እላለሁ፤ «ጀልባው አምሮሃል፤ ዛሬ ግን አንሄድም» ከማለት በቀር ቃል አላበዛም። ሲረጋ አቅፌው መንገዳችንን እንቀጥላለን። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ በዚያ ላይ ተርቦ ወይም እንቅልፍ ሳይጠግብ የወጣ ልጅ ትዕግሥት እንዲኖረው መጠበቅ ስለማይገባ፣ መውጫችንን ከሰዓት እንቅልፉ በኋላ አድርገነዋል። ለቅሶው ራሱን እስከ መጉዳት ወይም ትንፋሽ አጥሮት እስከ መውደቅ የሚያደርሰው ልጅ ግን በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ከስድስት ዓመት እኅቱ ጋር ሲጣላ ደግሞ «ማን ጀመረ?» ብሎ መጠየቅን ትቻለሁ፤ ጥያቄው ሁለቱንም ከሳሽና ተከሳሽ ከማድረግ በስተቀር የሚፈይደው የለም። ከተማቱ መጀመሪያ አለያያቸዋለሁ። በባጃጅ ጥግ ለመቀመጥ ለሚነሣው ጭቅጭቅ ቋሚ ተራ አለን፦ ስንሄድ እሷ፣ ስንመለስ እሱ። የተጣሉበትን ኳስ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ «ተስማምታችሁ ስትመጡ ትወስዳላችሁ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ልጄ መጥታ፣ «እማዬ፣ ሃያ እስክቆጥር እሱ ይጫወት፤ ከዚያ ለእኔ» አለች። መላውን ያገኘችው ራሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ ታከብረዋለች፤ ቆጠራውን ስታፈጥንበትና እሱ ሲያኮርፍ ብቻ እኔ ገብቼ እቆጥራለሁ።