የሆቴል ተማሪዎቼና የግቢያችን ላውንጅ

የሆቴል ማኔጅመንት ተመራቂ ሥራ ሲያመለክት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ሠርተህ ታውቃለህ?» ነው። መልስ ከሌለው ወሬው እዚያው ያልቃል። ዲግሪውም፣ ነጥቡም፣ የመውጫ ፈተናው ውጤትም ከዚያ በኋላ ነው የሚታዩት። መምህር ከመሆኔ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ስለሠራሁ ቀጣሪዎቹ ይገቡኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ሲደራረብ የሚደነግጥ ሠራተኛ ሌሎቹንም ያስደነግጣል።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሰሜን ነው ያለው። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ናቸው። ባለ ኮከብ ሆቴል ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ኢንተርንሺፕ ይወጣሉ፤ ግን የከተማችን ሆቴሎች ጥቂት ናቸው። አንድ ባች ሙሉ በአንዴ ሲመጣባቸው ምን ያሠሩት? ልጆቹ ብርጭቆ ሲያደርቁና ናፕኪን ሲያጥፉ ይከርማሉ። በዚያ ላይ በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ጦርነቱ ተከተለ። ጎንደርንና ላሊበላን በመሳሰሉ በቱሪስት በሚኖሩ ከተሞች ሆቴሎች ጭር አሉ። እንግዳ በሌለበት ቤት መስተንግዶ እንዴት ይለመዳል?

ግቢያችን ውስጥ ግን ትምህርት እስካለ ድረስ ሰው ይበላል። ትልቁ የተማሪዎች ካፌ አለ። ነን ካፌ የሆኑት፣ ማለትም ከካፌው የማይበሉት ተማሪዎች የሚመገቡባቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። በጨረታ የተከራየ የመምህራን ላውንጅም አለ። ደንበኛ፣ ወረፋ፣ ቅሬታ፣ ኪሳራ፣ ሁሉም ከመማሪያ ክፍላችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ላውንጁን የያዙት ሰው አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «ረቡዕና ዓርብ ሰው ይሸሸኛል፤ መምህራኑ ለፆም ምሳ ከግቢ ይወጣሉ» አሉኝ። ችግሩን እንዳለ ወስጄ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ገበያውን መልሱ፣ ሰውየውን ግን አታክስሩ አልኳቸው።

መጀመሪያ ሁሉም የጤና ምርመራ አደረጉ። ያለ ምርመራ ካርድ ወጥ ቤት መግባት የለም። ከዚያ ለሦስት ተከፈሉ፤ ስቶር፣ ወጥ ቤት፣ መስተንግዶ።

ስቶር የገቡት ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያው ላይ የተጻፈውና መደርደሪያው ላይ ያለው እንደማይገናኝ አዩ። ሌብነት አልነበረም። ዕቃ ሲወጣ ማንም አይጽፍም፤ በቃ። ክፍል ውስጥ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ስንል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። የነቀዘ ምስር ጆንያ ከታች ሲወጣ ያየ ተማሪ ግን ስለ ስቶር ሲናገር ድምፁ ራሱ ይለያል።

ወጥ ቤቱ ከሁሉም ከባዱ ነበር። ዋናዋ ወጥ ሠሪ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ቅመም በሚዛን ይለካ ሲባል ቅር አላቸው። «እኔ ልጅ ያሳደግሁበት እጅ ዛሬ በሚዛን ሊፈተን ነው?» አሉ። እውነት አላቸው። አንዷ ተማሪ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ የእርስዎን እጅ ለመጻፍ ነው እንጂ ለመፈተን አይደለም። እርስዎ ዕረፍት ሲወጡ ወጡ እንዳይበላሽ ነው» አለቻቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ እትዬ የጨበጡትን በርበሬ ልጆቹ ከድስቱ በፊት ሚዛን ላይ እያሳረፉ ጻፉት። የላውንጁ የመጀመሪያ ስታንዳርድ ሬሲፒ፣ ማለትም ማንም ቢሠራው አንድ ዓይነት ወጥ የሚወጣበት የልክ ጽሑፍ፣ የተጻፈው እንዲህ ነው። የሰው ሙያ ተከብሮ ሲጻፍ ማየት እኔን ራሴን አስደስቶኛል።

ከሬሲፒው አንድ ምግብ ስንት እንደሚያስወጣ የሚያሳይ የወጪ ካርድ ወጣ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስትገዛ ድስት ውስጥ የሚገባው አንድ ኪሎ አይደለም። ልጣጩና ግንዱ ሲወጣ የቀረው ይመዘናል፤ ዋጋውም በዚያ ይሰላል። የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ ባገኘው ሳምንት ይዘላል። ስለዚህ ካርዱ በየገበያው ቀን ይታደሳል። በፈተና ላይ የምግብ ወጪ መቶኛ (ወጪው ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ) ሲያሰሉ የሚሳሳቱ ልጆች እዚህ ሳንቲም አላመለጣቸውም፤ ስህተቱ የሰው ገንዘብ ነዋ።

ሌላም አለ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መሀል ጀርም እንደሚራባ ሁሉም በቃሉ ያውቃል። ከምሳ የተረፈ ትልቅ ድስት ሽሮ ውስጥ ቴርሞሜትር ሲከቱ ግን ዳሩ ቀዝቅዞ መሀሉ ለሰዓታት ሞቆ እንደሚቆይ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲህ የሚተርፈው ዝርግ ትሪዎች ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚቀዘቅዘው።

ሜኑው ላይ ተከራከርን። አንዳንዶቹ የፆም ፒዛ አሉ። ላውንጁን የያዙት ሰው «ኦቨን የለኝም፤ ቢኖረኝም መብራቱ አያስተማምንም» ብለው ዘጉት። የተስማማነው በየሳምንቱ የሚቀያየር በያይነቱ ላይ ነው። አንዱን ሳምንት ሱፍ ፍትፍት፣ ሌላውን ቡትቻ፣ ዓርብ ደግሞ የሽምብራ አሳ።

የመስተንግዶዎቹ ግኝት ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሰው የሚሸሸው ምግቡን ብቻ ሳይሆን ወረፋውንም ነው። ወረፋው ደግሞ ወጥ ቤት አልነበረም፤ ትኬት መቁረጫው ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ካሸር ጥሬ ብርም ትቀበላለች፣ የቴሌብር መልእክትም ታያለች። የምሳ ትኬት ከጠዋቱ የሻይ ሰዓት ጀምሮ ይሸጥ አሉ። ምንም ወጪ የለውም። በዚህም እትዬ ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድመው ማወቅ ጀመሩ፤ የሚጣለው እንጀራም ቀነሰ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላለሁ። ተማሪ ነፃ ጉልበት አይደለም። አስተናጋጅ የጎደለ ሰሞን ልጆቹን ትሪ ተሸካሚ ብቻ የማድረግ ፍላጎት መጥቶ ነበር፤ አልተቀበልኩም። አሁን በጽሑፍ እንዋዋላለን። ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምሳውን ማን እንደሚችል ይጻፋል። ከተማሪው ውጤት ከፊሉን የሚሰጡት ላውንጁን የያዙት ሰው ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ደብዳቤም «በመልካም ሥነ ምግባር ሠርታለች» የሚል ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። የትኛውን ሬሲፒ እንደጻፈች፣ የትኛውን ወረፋ እንደፈታች ስም ጠርቶ ይናገር።

ከዚያ ቡድን የነበረች አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ሄዳ የወጪ ካርዷን ይዛ ገባች። ማታ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ስለ ነጥቤ አልጠየቁኝም። ሽንኩርቱን ለምን ሁለቴ እንደመዘንኩ ነው የጠየቁኝ» አለችኝ። ዛሬ እዚያው ኮስት ኮንትሮል፣ ማለትም የወጪ ቁጥጥር ክፍል ትሠራለች።

ቀጥሎ ወደ ተማሪዎች ካፌ ልንገባ ነው። እዚያ ፈተናው ሌላ ነው። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ነው፤ 100 ብርም ቁርስ፣ ምሳና እራት ይችላል። በዚያው ዓመት ዐቢይ ፆምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገብተው ነበር። አንድ ወጥ ቤት የፆም ምሳ፣ ማታ ኢፍጣር፣ ሌሊት ሱሁር ማድረስ ነበረበት። ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ይኼው ነው። የዚያን ሰሞን የአንድ ሳምንት ሜኑ፣ የሠራተኛ ፈረቃና የግዢ ዝርዝር በ100 ብር ሒሳብ አውጥተው ለካፌው ኃላፊ ያቀርባሉ። ኃላፊው ደግሞ በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።