ፍሙን የደፋሁበት መሬት

የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ኔዘርላንድ ውስጥ ለአንዲት ትንሽ የቪዲዮ ድርጅት እሠራለሁ። የወፉን፣ የውኃውን፣ የቅጠሉን ድምፅ ለቅሜ መምጣት ነው እንጀራዬ። በነሐሴ መጨረሻ ሦስት ሆነን ወደ ኢንዶኔዥያ ተላክን፤ አለቃዬ፣ ካሜራ የሚይዘው ልጅና እኔ። የምንሄደው ቦርኒዮ ደሴት ላይ ወዳለው ታንጁንግ ፑቲንግ ብሔራዊ ፓርክ ነበር፤ ጫካው ረግረግ ላይ የበቀለ ነው። እኛ አገር ነሐሴ ጭቃ ነው፣ እዚያ ግን በጋ። ይህችን ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ከጉድ እተርፍ ነበር።

ወደ ፓርኩ የሚገባው ከኩማይ ወደብ በጀልባ ነው። ጀልባዋን ክሎቶክ ይሏታል፤ ስሙን ያወጣላት ሞተሯ ነው፣ ቶክ ቶክ ቶክ እያለ። እዚያው ይበላል፣ እዚያው አጎበር ተዘርግቶ ይታደራል። ለጎብኚ ደስ ይላል፣ ለድምፅ ሰው ግን መከራ ነው። የኔ ሥራ የሚጀምረው ሞተሩ ሲጠፋ ነበር።

አስጎብኛችንን "ፓክ" እንለዋለን፤ እንደኛ "ጋሼ" መሆኑ ነው። በሴኮንየር ወንዝ ሽቅብ ስንጓዝ አፍንጫቸው ከአፋቸው በታች የተንዠረገገ ጦጣዎች አሳየንና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የአገሬው ሰው የሆላንድ ጦጣ ይላቸዋል" አለኝ። አለቃዬ ሆላንዳዊ ነው፣ አፍንጫውም አያሳፍረውም። ሰምቶ ኖሮ ከት ብሎ ሳቀ።

ወደ ካምፕ ሊኪ በሚወስደው ገባር ስንታጠፍ ውኃው ጠቆረ። በብርጭቆ ብቀዳው ቁርጥ ሻይ። ቅጠልና እንጨት ዘፍዝፎት ነው አለ ፓክ። ካምፑ ተመራማሪዋ ቢሩቴ ጋልዲካስ እ.ኤ.አ. በ1971 የኦራንጉታን፣ የዚያ ጠጉረ ቀይ ትልቅ ዝንጀሮ፣ ጥናቷን የጀመረችበት ቦታ ነው። ልጇን ያዘለች ኦራንጉታን ሙዝ ከተደረደረበት መደብ ላይ ወርዳ፣ ልጣጩን በከንፈሯ ስትገፍ የምታሰማውን ድምፅ ማይክራፎኔን አርዝሜ ቀዳሁ። እስከ ዛሬ ከቀዳሁት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ጀልባዋ ዳር ታስራ ቡና ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ጀበናዬን ይዤ ነው የምዞረው። የጀልባዋ ምግብ አብሳይ የጋዝ ምድጃ ነበራት፤ እኔ ግን ቡና በከሰል ካልሆነ አይጥመኝም ብዬ፣ ሥጋ ለሚጠብሱበት የሚሸጡትን ከሰል ኩማይ ገበያ ገዝቼ ነበር። አቦሉ ወረደ፣ ቶናው ወረደ፣ በረካው ላይ ሁሉም ተኝቷል። ፍሙን ወደ ዳር ወስጄ መሬት ላይ ደፋሁት። አንድ ሲኒ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ችስ አለ፣ ገብቼ ተኛሁ። ጓሯችን ስንት ዓመት እንደዚያ ስናደርግ ኖረናል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ መቅረጫዬን ተከልኩ። ጎህ ሲቀድ ጊቦኖቹ፣ ንጋት ላይ የሚዘምሩት ክንደ ረጅም ዝንጀሮዎች፣ ጀመሩ፤ አንዷ ድምጿን ቀስ እያለች ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ትቀበላታለች። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ። አፍንጫዬን ግን ጢስ ጢስ አለኝ። ምግብ አብሳይዋ ተነሥታ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ፓክ በባዶ እግሩ እየጮኸ ሲያልፈኝ ነው የነቃሁት። ጢሱ የሚወጣው ፍሙን ከደፋሁበት አልነበረም፣ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ከአፈሩ ውስጥ ነው። ነበልባል የለም። ላዩ ደህና መሬት ይመስላል። ፓክ በገጀራ ሲቆፍረው ውስጡ ቀልቶ ይታያል። ባልዲ ተቀባበልን። ውኃ እናፈሳለን፣ እሱ ይቆፍራል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይከትና "ገና ነው" ይላል። 40 ባልዲ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

አፈሩ አፈር አልነበረም። ፒት ይሉታል፤ ውኃ ውስጥ ተኝቶ አየር ስላላገኘ ሳይበሰብስ በሺህ ዓመታት የተከማቸ ቅጠልና እንጨት ነው፣ ቦርኒዮ ውስጥ ከ10 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት አለ። እርጥብ ሲሆን ምንም አይል፤ ሲደርቅ እንደ ማገዶ ነው፣ ከሥር ከሥር እየሄደ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሩዝ እርሻ ብለው በዚያው ክፍለ ሀገር አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ረግረግ ላይ ቦይ ቀደው ውኃውን አንጠፈጠፉት፣ ሩዙም አልሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ድርቅ ሲመጣ በኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነደደ፣ ከዚህ ፓርክም አልቀረም። ፓክ ያን ዓመት ሌት ተቀን እሳት ሲያጠፋ እንደከረመ የነገረኝ አፈሩን ከጥፍሩ ሥር እያወጣ ነው።

አለቃዬ አልጮኸብኝም። "የኛ አያቶች ይህንኑ እየቆፈሩ ምድጃ ውስጥ ያነዱት ነበር" አለኝ ብቻ። ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር። ጊቦኖቹንም አጣናቸው፤ ቅጂው ላይ አራት ደቂቃ ይዘምራሉ፣ ከዚያ የፓክ ጩኸት፣ ከዚያ ችስ፣ ችስ፣ ችስ። በማግስቱ ንጋት ነፋስ ነበር።

ማታ ላይ ጀበናዬን በጋዙ ምድጃ ጣድኩ። ፓክ በአንድ እጁ ብርጭቆውን፣ በሌላው እስከ አፉ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ መጣ። ባልዲውን አጠገቤ አስቀመጠና ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።