ባሕር ዳር ልግባ ወይስ ጎንደር ልቅር?

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ውሃ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ የሰፈራችን ፈረቃ ነው ተብሏል፣ ቧንቧውም ቅድም ማፏጨት ጀምሯል። የጎንደር ሰው ይህን ፉጨት ያውቀዋል። መጀመሪያ አየር ይመጣል። ቀጥሎ ያስነጥሰዋል፣ ትንሽ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ከዚያ ጭጭ። ተስፋ ቆርጠህ ልትተኛ ጫማህን ስታወልቅ ደህናው ውሃ ይመጣል። ዘጠኝ ጀሪካን ደርድሬያለሁ። ሮቶው ከፍ ያለ ቦታ ስለተቀመጠ ግፊቱ አይደርስለትም፣ እየቀዳሁ በመሰላል ተሸክሜ ነው የምሞላው።

ላማርር ፈልጌ አይደለም የማወራችሁ። ባሕር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሁለት ወር ሞላኝ፣ እና እንደዚህ ያለ ሌሊት ላይ ሁሌ «ልሂድ» የሚለው ያሸንፋል። ጠዋት ሲነጋ ደግሞ ይቀየራል።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር። አሁን ያለሁበት 14,500 ብር ይከፍለኛል። የባሕር ዳሮቹ 21,000 ብለዋል። ዘመድ አዝማድ ሁሉ «6,500 ብር ጭማሪ! ምን ያሳስብሃል?» ይለኛል። ወገን፣ ያ 6,500 ብር እኮ ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው 35 በመቶ ግብር የሚቆረጥበት እርከን ላይ ነው። 2,275 ብር ሄደ። 7 በመቶ ለጡረታ፣ 455 ብር። የተረፈችው 3,770 ናት። አሁን የምከፍለው የቤት ኪራይ 4,500 ነው፣ ባሕር ዳር ያየሁት ቤት 9,000። ደምሩ ቀንሱ፣ በየወሩ 730 ብር ከኪሴ ጨምሬ ነው ዕድገት የማገኘው። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ ለምን ታስባለህ?» አለችኝ። ለምን እንደማስብ ቧንቧው ያውቃል።

ሚያዝያ ላይ ሄጄ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር። ደላላው ባጃጅ ኮንትራት አስይዞኝ አባይ ማዶን አዞረኝ፣ ከዚያ ቀበሌ 14። እዚያ አንድ ቤት ወደድኩ፣ ሳሎንና አንድ መኝታ፣ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ። ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ቧንቧ መክፈት ነው። ፈሰሰ። ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት፣ አሁንም ፈሰሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስከፍት ደላላው «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። ከጎንደር ነው የመጣሁት አልኩት። ገባው። አከራይዋ ግን ደግ ሴት ናቸው፣ «ልጄ፣ እዚህም እኮ ይጠፋል፣ እንዳትታለል» አሉኝ። ደላላው በዓይኑ ሊበላቸው ነበር።

ከተማው ሜዳ መሆኑ በጣም ነው የሚመቸው። ልጄ ለብስክሌት ይሞታል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ብስክሌት ማለት መውረጃ ብቻ ነው፣ መውጫውን አባት ይሸከማል። ማታ ማታ ጣና ዳር ወርጄ አሳ ጉላሽ በላሁ፣ ነፋሱ ሲነካኝ ኑሮ ማለት ይኼ ነው አልኩ። አዲሱን የአባይ ድልድይም በእግሬ ሄጄ ተመለስኩበት፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ነው። ያምራል። ለድልድይ ብሎ ቤት የሚቀይር ግን አላየሁም። ይልቅ የክልሉ ዋና ከተማ መሆኗ ነው ቁም ነገሩ። እዚህ ትንሽ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲገጥምህ የሚሰጥህ መልስ «ባሕር ዳር ሂድ» ነው። እዚያ ስትኖር ግን በባጃጅ ትደርሳለህ።

ሌሊቱ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800። 300 ሜትር ምን አላት ትላላችሁ። እኔ እዚህ በሚያዝያም ጋቢ ደርቤ የምተኛ ሰው ነኝ። እዚያ አንሶላ ከበደኝ። ቬንትሌተሩ ይጮሃል፣ አጎበሩ አንድ ጥግ ላይ ተቀዷል፣ አንዲት ቢንቢ ደግሞ ቀዳዳዋን ከእኔ በፊት አግኝታታለች። ልጄ ወባ ይዞት አያውቅም፣ ይኼ ነገር ቀላል መስሎ አይታየኝም።

ሰው ሁሉ የሚለኝ «ፋሲልን ትተህ?» ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግቢው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት እንግዳ ሳስጎበኝ ነው። ደግሞስ ዐፄ ፋሲል በፈረንጆቹ 1636 ገደማ እዚህ እስኪረጉ ድረስ ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ አልነበር የኖሩት? ያን ሁሉ ሠራዊት አስከትለው። እኔ ዘጠኝ ጀሪካንና አንድ ሶፋ በአይሱዙ መጫን አቅቶኛል። ጥምቀትም ቢሆን ለከተራ መምጣት እችላለሁ። ከልብ የሚከብደኝ ኳሱ ነው። የፋሲል ከነማን የ2013ቱን ዋንጫ ያየ ሰው፣ የአጼዎቹን ማሊያ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ የጣና ሞገዶቹ ደጋፊ መሀል ሊቀመጥ ነው? ይህን ነጥብ ባለቤቴ ከዝርዝሩ ላይ ሰርዛዋለች።

እማዬ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ቁስቋም በኩል ነው የምትኖረው፣ ብቻዋን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አስቤዛዋን አደርስላታለሁ፣ ቡና ታፈላለች፣ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልወጣም። አብረሽን ነይ ብያታለሁ። «እድሬ እዚህ ነው» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። አባዬ ሲሞት ድንኳን የተከሉት፣ ሦስት ቀን ንፍሮ የቀቀሉት፣ እስከ አርባው እየተፈራረቁ አብረዋት ያደሩት እነዚያ ሴቶች ናቸው፣ ባሕር ዳር ሄዳ እንደ አዲስ መዝገቡኝ ልትል አትችልም። ስለ እኔ ስጠይቃት «ሂድ እንጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» አለች፣ ስኒውን እያጠበች፣ ሳታየኝ። የጎንደር እናት «ሂድ» ስትል አገላለጿን ማየት ያስፈልጋል።

ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሲታይ ምንም አይደለም፣ 180 ገደማ። ድሮ አባዱላ ይዘህ፣ ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን ላይ ቁርስ፣ ወረታ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ብትፈጅ ነው። አሁን ግን ከመነሳትህ በፊት «መንገዱ ክፍት ነው?» ብለህ ሁለት ሦስት ሰው ጋ ትደውላለህ። አንዱ ክፍት ነው ይልሃል፣ ሌላው ቆይ ይልሃል። ባለፈው ስመለስ አንድ ቀን ሙሉ መናኸሪያ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። እዚያ እያለሁ እማዬ ሌሊት አመማት ቢሉኝስ? እዚህ ሆኜ በ15 ደቂቃ እደርሳለሁ። ማታ ማታ የማሰላው ይኼን ነው፣ 730 ብሯን አይደለም።

ውሃውስ? አንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቷል፣ የመገጭን ግድብ ደግሞ ስንጠብቅ ልጄ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገባ። መገጭ ቢደርስ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር ብል አልዋሸሁም። ሰዎች ስለ ዕድገት፣ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ከተማ ስፋት ያወራሉ፣ እኔ ግን አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንቅልፌን መልሼ ማግኘት ነው የምፈልገው።

ለጊዜው ያደረግኩት ይህን ነው። ለቀጣሪዎቹ የቤት አበል 3,000 ብር ጨምሩልኝ ብዬ ጽፌያለሁ። እሺ ካሉ ብቻዬን ሄጄ አንድ ክፍል ሰርቪስ ተከራይቼ ሦስት ወር እሞክረዋለሁ፣ ባለቤቴም የማስተማር ሥራዋን ሳትለቅ ዝውውር ትጠይቃለች። እምቢ ካሉ እቀራለሁ። ሰኞ እንመልሳለን ብለዋል።

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ ክፍል ሰርቪስ፣ ውሃው ግቢ ውስጥ የሚገባ፣ ስንት እንደሚከራይ ጻፉልኝ። ደላላውን አላመንኩትም።

ቧንቧው አስነጠሰው። ልሂድ፣ ልቅዳ።