በሬይድ 5 ውስጥ ወደ ኋላ የቀረው ዲስክ

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሰነድ ማኅደሩን የያዘው የሊኑክስ ሰርቨር ሌሊት ባክአፕ ሲወሰድ ሬይዱ (በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው ሥርዓት) ወደቀ። አራት ዲስኮች ያሉት ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢያጣ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሁለት ካጣ ግን በቀሩት ብቻ ዳታውን ማንበብ አይቻልም። እኛ ያጣነው ሁለት ሲሆን፣ ሳይቋረጥ ያለቀው ባክአፕም የቆየ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ በኤምዲአድም (በሊኑክስ ሬይድን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ሬይዱን እንደ አዲስ እንፍጠረው አለ። ይህ ትእዛዝ በየዲስኩ ያለውን ሱፐርብሎክ (ስለ ሬይዱና ስለ ዲስኩ ተራ የተመዘገበውን መረጃ) ደምስሶ ስለሚጽፍ፣ የዲስኮቹ ተራ፣ የቸንኩ (ዳታው ለዲስኮቹ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) መጠን ወይም ዳታው የሚጀምርበት ቦታ ከቀድሞው ጥቂት ቢለይ ቀጥሎ የሚመጣው ሪሲንክ (ዲስኮቹን እርስ በርስ የማስማማት ጽሑፍ) የተረፈውን ዳታ ጭምር ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አጥብቄ ተቃወምኩ። በምትኩ የየዲስኩን ሱፐርብሎክ ብቻ አነበብን። የሁለቱ ዲስኮች የኤቨንት ቁጥር (ሬይዱ ላይ ለውጥ ሲመዘገብ የሚጨምረው ቆጣሪ) እኩል ነው፤ የሦስተኛው በጥቂት ያንሳል፤ የአራተኛው ግን እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ሲሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰውም ከወራት በፊት ነው። ለካ ሬይዱ ያን ሁሉ ጊዜ በሦስት ዲስክ ይሠራ ኖሯል፤ ማስጠንቀቂያውም ማንም ወደማይከፍተው የሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ መለያ) የመልእክት ሳጥን ይላክ ነበር።

አራተኛውን ዲስክ ወደ ጎን አደረግነው፤ ለማየት ጤነኛ ቢመስልም የያዘው ዳታ ያረጀ ስለሆነ አብሮ ቢገባ ፋይል ሲስተሙን (የፋይሎቹን አደረጃጀት) ያመሰቃቅል ነበር። ሦስቱን በዲዲሬስኪው (ከተበላሸ ዲስክ የሚነበበውን ሁሉ በሚገለብጥ ፕሮግራም) ወደ አዳዲስ ዲስኮች ገልብጠን፣ ሬይዱን ከቅጂዎቹ በአሴምብል ፎርስ (ጥቂት የኤቨንት ልዩነት ቢኖርም ዲስኮቹን በግድ በሚያገጣጥም ትእዛዝ) አስነሣነው፤ ከዚያም ምንም ሳንጽፍ ፋይል ሲስተሙን ፈትሸን ዳታውን ወደ ሌላ ሰርቨር አወጣን።

መንስኤው ከዲስኮቹ ዓይነት ጋር የተያያዘ ነበር። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ የተበላሸ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) ሲገጥመው ለማንበብ ረጅም ጊዜ ይታገላል፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ደግሞ በተለመደው አሠራሩ 30 ሰከንድ ጠብቆ ግንኙነቱን ዳግም ስለሚያስጀምር፣ ሬይዱ ዲስኩን እንደ ሞተ ቆጥሮ ያስወጣዋል። የጊዜ ገደብ በሚቀበሉት ዲስኮች ላይ የንባብ ሙከራው በ7 ሰከንድ እንዲቆም አደረግን፤ በማይቀበሉት ላይ የከርነሉን የጥበቃ ጊዜ ወደ 180 ሰከንድ ከፍ አደረግን፤ ቅንብሩ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚረሳም በየመነሻው እንዲሠራ በስክሪፕት አስገባነው። ማስጠንቀቂያውም አሁን በቀጥታ ለተረኛው ይደርሳል።

ዲዲሬስኪው ያላነበባቸው ሴክተሮች ያረፉት በአንድ ስካን የተደረገ ደብዳቤ ላይ ነበር፤ ዋናው ወረቀት መዝገብ ቤት ስለተገኘ ዳግም ስካን ተደረገ።