ያልቀየርኩትን ስም አስረጂ ተባልኩ

ፓስፖርት ለማውጣት ከባለቤቴ ጋር የሄድነው በአንድ ቀን ነው። ቀጠሯችን አንድ፣ የቆምንበት መስኮትም አንድ። የያዝነው ወረቀት እንኳ አይለያይም፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ ማታ ጠረጴዛ ላይ አብረን የሞላነው ቅጽ። እሱ ቀደመኝ። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አገላበጠች፣ ስሙን ከመታወቂያው ጋር አስተያየች፣ አሻራ ሰጠ፣ ፈረመ፣ አለቀ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ከዚያ እኔ ቀረብኩ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ቅጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ እንደገና ወደ ፊት መለሰች።

«እህቴ፣ ባለትዳር ነሽ?»

«አዎ።»

«ባለቤትሽ ቅድም የጨረሰው ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?»

«እኔ አልቀየርኩም። ከጋብቻ በፊት የነበረኝ ስም ነው፤ አሁንም ስሜ እሱ ነው።»

«አለመቀየርሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሻል?»

መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበርና ጠጋ አለ። ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔም እኮ አግብቻለሁ። እኔን ግን አልጠየቅሽኝም» አላት። እሷም ሳትቆጣ፣ «ወንድሜ፣ የሚቀየረው የሴቷ ስለሆነ ነው» አለችው። ክፋት እንደሌላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። የለመደችውን ነው የተናገረችው። ወረቀቶቼን ሰብስባ መለሰችልኝና የጋብቻ ምስክር ወረቀትና ስሜን እንዳልቀየርኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። እሱ የመረከቢያ ደረሰኝ ይዞ፣ እኔ ማህደሬን ታቅፌ ወጣን።

ይቺን ጥያቄ ቤት ከገባሁ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳመላለስኳት! ሰው ላደረገው ነገር ወረቀት ይመሰክርለታል። ላላደረገውስ ከየት ያመጣል? የልደት ወረቀቴም፣ መታወቂያዬም፣ የትምህርት ማስረጃዬም፣ የባንክ ሂሳቤም የሚሉት አንድ ስም ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ሌላ ስም ኖሮኝ አያውቅም። ስሙን የቀየረ ሰው ድሮ ማን እንደነበር፣ አሁን ማን እንደሆነ ማስረዳቱ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ ወረቀት ያስፈልጋልና። እኔ ግን የማገናኘው ሁለተኛ ስም የለኝም።

ለምን እንዳልቀየርኩ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ትልቅ ምክንያት የሚጠብቁ ይመስለኛል። ስሜ ስለሆነ ነው። መጻፍ ስማር መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው። ፈተና ላይ የጻፍኩት፣ ሥራ ስቀጠር የፈረምኩበት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ሲጠራ ቀና የምልበት እሱ ነው። ለአባቴ ክብር ብዬ ያደረግኩት የሚመስላቸውም አሉ። አባቴን ግን ከሠርጉ በፊት ስጠይቀው ከሚያነበው ነገር ላይ ዓይኑን እንኳ አላነሳም። «ልጄ፣ ስሙ ያንቺ ነው። እንደፈለግሽ አድርጊው» አለኝ። ሰው ሁሉ «የአባትሽ ስም» ይለኛል፤ አባቴ ራሱ ግን ያንቺ ነው አለኝ። ያ ቃል ውስጤ ቀርቷል።

ከባለቤቴ ጋርም ከመጋባታችን በፊት ተነጋግረንበታል። አንድ ማታ ነው፤ ረጅም ወሬ አልነበረም። «አንተስ የኔን ትወስዳለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ከብዶኛል» አለ። «እኔንም እንደዚያው ነው» አልኩት። ገባው።

ሁለተኛ ቀጠሮዬ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። በመሃል እልህ ያዘኝና ማንበብ ጀመርኩ። ይሄ ጥያቄ በእኔ እንዳልተጀመረ አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ከፓስፖርት ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሉሲ ስቶን የምትባል የባርነት ተቃዋሚና የሴቶች መብት ተናጋሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1855 አገባች፤ ስሟን ግን አልለወጠችም። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1879 ሴቶች በትምህርት ቤት ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ሲፈቅድ ልትመዘገብ ሄደች። የባሏን የቤተሰብ ስም ስላልጨመረች ከመዝገቡ አስወጧት። ከ24 ዓመት ትዳር በኋላ! ስሟን ብትቀይር ኖሮ ትመርጥ ነበር። አልቀየረችም፤ አልመረጠችም።

በ1921 ደግሞ ሩት ሄል የምትባል ጋዜጠኛ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ፓስፖርት ጠየቀች። በራሷ ስም ይሰጠኝ አለች። መንግሥት ያዘጋጀላት ፓስፖርት ግን ሩት ሄል ካለ በኋላ «በሌላ ስሟ የእገሌ ሚስት» የሚል ነገር የታከለበት ነበር። አልቀበልም ብላ መለሰችው። ጉዞዋን ሰረዘች፣ ባሏም አብሯት ቀረ። የባሏ ነገር ነው እኔን የነካኝ፤ እሱ መሄድ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት በሉሲ ስቶን ስም የተሰየመ ማኅበር አቋቋመች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ ከማኅበሩ አባላት አንዷ ዶሪስ ፍላይሽማን በራሷ ስም ብቻ የተጻፈ ፓስፖርት ተቀበለች። በአሜሪካ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ባለትዳር ሴት ተደርጋ ነው የምትጠቀሰው። ይቺው ሴትዮ ከብዙ ዓመት በኋላ የባሏን ስም ወሰደች። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ በመጨረሻ ተመለሰች» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ያኔም የመረጠችው እሷ ናት፣ በኋላም የመረጠችው እሷ ናት።

በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደርሰውን መድልዎ ለማስወገድ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአንቀጽ 16 ላይ ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም በመምረጥ እኩል መብት እንዳላቸው ይላል። በካናዳ ኩቤክ ከ1981 ጀምሮ፣ በግሪክ ከ1983 ጀምሮ ሴት ስታገባ ስሟ ባለበት ይቀጥላል። ጃፓን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የሚጋቡ ዜጎች አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ሕጉ ያስገድዳል፣ ብዙውን ጊዜ የምትቀይረውም ሚስት ናት። የቀድሞ ስሟን ፓስፖርቷ ላይ በቅንፍ ማስጻፍ ትችላለች። ከፓስፖርቱ ግርጌ ባለው፣ ማሽን በሚያነበው መስመር ላይ ግን ያ ስም አይገባም። ዓይን ያየዋል፣ ማሽኑ አያየውም። እዚያ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይሄ በጣም ያሳዝነኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በላይ የጠቀመኝ ግን የመሥሪያ ቤቱ የራሱ መመሪያ ነው። ቅጹን የሚያስረዳው ወረቀት ላይ የስም ለውጥ ማስረጃ የሚጠየቀው አሁን የሚጠራበት ስም ከልደት ወረቀቱ ወይም ከመታወቂያው የተለየበት ሰው እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ያቺን ዓረፍተ ነገር አስምሬባት ይዤ ሄድኩ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንም ያዝኩ። ደብዳቤውን ግን አልጻፍኩም። «ስሜን አልቀየርኩም» ብሎ ለመፈረም እጄ እምቢ አለኝ።

በዚያ ቀን ሌላ ሠራተኛ ነው የገጠመኝ። እሱም ያንኑ ጠየቀኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበውና ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የልደት ወረቀቴን አዩ፣ መታወቂያዬን አዩ፣ ቅጹን አዩ። «ሦስቱም አንድ ነው። ምን ቀረ?» አሉት ሠራተኛውን። አሻራ ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። እሳቸው ይህን ባይሉ ደብዳቤውን እጽፍ ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጉዞው ቀርቦ ስለነበር ምናልባት እጽፈው ነበር። ብዙ ሴት በዚህ ምክንያት እንደምትጽፍ አሁን ይገባኛል።

ለእንደኔ ዓይነቷ አንድ ነገር ልንገር። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት ወይም አሁን የሚጠሩበት ሌላ ስም» የሚል ሳጥን አለ። ሰው ወይዘሮ እገሌ እያለ በባሌ ስም ስለሚጠራኝ ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ባዶ ተውኩት። ምክንያቱም በዚያ ስም ፈርሜ አላውቅም፣ መታወቂያም አውጥቼበት አላውቅም። አንዲት ጓደኛዬ ግን ለተወሰኑ ዓመታት የባንክ ሂሳቧና የሥራ ውሏ በባሏ ስም ነበር። እሷ መጻፍ ነበረባት፣ ጻፈችም። ሳጥኑ የሚጠይቀው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራሽ ሳይሆን አንቺ በወረቀት ላይ ምን ስም እንደተጠቀምሽ ነው።

አለቀ ስል የቲኬቱ ነገር መጣ። አማቴ በስጦታ መልክ የሁለታችንንም የአውሮፕላን ቲኬት ቀድመው ቆርጠው ነበር። ደስ ብሏቸው ስልክ ደወሉ፣ ላኩልን። ስከፍተው የኔ ስም ከልጃቸው የቤተሰብ ስም ጋር ተጽፏል። የቲኬት ስም ከፓስፖርቱ ስም ጋር መመሳሰል አለበት፤ የአንድ ፊደል ስህተት ሌላ፣ የቤተሰብ ስም መለየት ሌላ ነው። ደወልኩላቸው።

«እማዬ፣ ስሜ ላይ ትንሽ ስህተት አለ።»

«ውይ ልጄ! እኔ እኮ የኛ ሆነሽ ብዬ ነው።»

ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ። ቅሬታም አልነበረም። በስማቸው ሲጽፉኝ እያቀፉኝ እንደነበር ገባኝ። «የእርስዎ ነኝ እማዬ፣ ስሜ ግን ያው የድሮው ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ይስተካከላል፣ አይዞሽ» አሉ። ቲኬቱን ለማረም የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ጠቀመን፤ ሁለታችንም በየስማችን ስለተጻፍንበት ቲኬቱ ላይ የተጻፈችውና ፓስፖርቱ ላይ ያለችው አንድ ሴት መሆኗን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ስንጓዝ ቅጂውን ቦርሳዬ ውስጥ እይዘዋለሁ። ልጃችንም የአባቷን ስም ስለያዘች የልደት ወረቀቷን ቅጂ እጨምራለሁ። እናትና ልጅ በተለያየ የቤተሰብ ስም ድንበር ላይ ሲቆሙ መጠየቃቸው አይቀርም፣ ያ ጥያቄ ደግሞ ለልጅ ደህንነት ስለሆነ አይከፋኝም።

ፓስፖርቱ የደረሰኝ ቀን ከፎቶው ይልቅ ከታች ያሉትን ሁለት መስመሮች ነበር ያየሁት። እያንዳንዱ 44 ምልክት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሰነድ ቁጥር 9303 የወሰነው ነው፤ የትም አገር ያለ ማሽን እንዲያነበው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከሰነዱ ዓይነትና ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ እንደ ቀስት ጫፍ ያሉ ሁለት ምልክቶች፣ ቀጥሎ የራስ ስም። ለስም የተመደበው ቦታ 39 ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ የፓስፖርቱ ቁጥር፣ ዜግነት፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን አለ። ለጋብቻ የተመደበ ቦታ የለም። የባለቤቴን ፓስፖርት አጠገቡ አድርጌ መስመር በመስመር አስተያየሁት። እኩል ነው። በመስኮቱ በኩል ስናልፍ ያልነበረን እኩልነት እዚያ ወረቀት ላይ አለ።

ባለፈው ወር አማቴ እንደገና ደወሉ። የባለቤቴ እህት ልጅ ሠርግ አለ፣ ቲኬት ሊቆርጡ ነው። እስክሪብቶ እስኪያመጡ ጠበቅኳቸው።

«በይ ልጄ፣ ስምሽን ፊደል በፊደል ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እየጻፉ ጮክ ብለው ደገሙልኝ፣ አንዱን ፊደል ተሳሳቱ፣ ሰርዘው አስተካከሉት።