በሦስት እግር ፍሬን

ቮልሷን የተረከብኩት ከዶሮዎች ነው። አባቴ ካቆማት ወዲህ ከሃያ በላይ ክረምት በግቢያችን ጥግ ስትከርም የኋላ ወንበሯ የእናቴ ዶሮዎች ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። ባለፈው ጥቅምት «በቃ፣ ላድሳት ነው» ብዬ በሩን ስጎትት እጀታው እጄ ላይ ቀረ። በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ አንዲት ታቃፊ ወንበሩ ላይ ተደላድላ እንቁላሎቿን ታሞቃለች። እናቴ «ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ እንዳትነካካት» አለች። ሥራው በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ተጀመረ።

ደሴ ለብረት አትራራም። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጦሳ ተራራ ላይ የሚያድረው ጉም ጠዋት ጠዋት እየወረደ ያገኘውን ሁሉ ያረጥባል። ይህችው መኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ቆማ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ዝገት አይኖርም ነበር። ግን ጉሙን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አሲዱ የጀመረውን የዶሮዎቹ ኩስ ጨረሰው። ወንበሩን ሳነሳ በወለሉ ቀዳዳ መሬቱ ታየኝ፤ ሣር በቅሎበታል።

እዚያው ወንበር ሥር በሽቦ ብሩሽ ስፈትግ የሻንሲው ቁጥር ወጣ። በፈረንጆች የ1961 ሥሪት ናት፤ 1192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ቮልት። የቤንዚን መለኪያ እንኳ የላትም፤ መለኪያ የተገጠመላቸው ከእሷ ቀጥለው የመጡት ናቸው። በአጠገቧ የሚያልፍ ሽማግሌ ሁሉ ኮፈኖዋን መታ መታ አድርጎ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ቮልስ እንደ ነበር። አንዱማ «ይህቺው እንዳትሆን?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለችም።

የቆርቆሮውን ሥራ የያዙልኝ ሰፈሩ በሙሉ «አያ» የሚላቸው ባትላሜራ ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው የተማሩት አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስለ ነበር፣ ለእሳቸው መኪና ማለት ፓራፋንጎ፣ ስፖርቴሎ፣ ፓራውልትና ማርሚታ ነው። «የጭቃ መከላከያው» ስላቸው ሌላ አገር ሰው ያናገራቸው ይመስል ይፈዛሉ። ለወለሉ አዲስ ላሜራ ልገዛ ስነሳ ከለከሉኝና 200 ሊትር የሚይዝ ባዶ የዘይት በርሜል አስመጡ። በእሳት አልቆረጡትም፤ ባዶ በርሜል ውስጥ የቀረ ጋዝ ሰው እንደሚገድል ያውቃሉ። ክዳኑንና ቂጡን በመሮ አውጥተው፣ ሆዱን በቁመቱ ሰንጥቀው ዘረጉት። ጥሩ ወለል መሰለኝ። እሳቸው በጣታቸው ኳ ሲያደርጉት አስገመገመ። «ይህ ወለል አይደለም፣ ድቤ ነው» አሉ።

የቮልስ ወለል ለጥ ያለ አይደለም። ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ስሱን ላሜራ የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። አያ አንድ የወይራ ግንድ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ፈለፈሉ፤ ላሜራውን ከላይ ጋድመው አፉ በደነዘ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተሉ ይመቱት ጀመር። ጠንክረው አይመቱም። መጀመሪያ ሲያልፉ ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል፤ ሲመለሱ ጎድጎድ ይላል፤ በሦስተኛው ላሜራው ድምፁን ይለውጣል፤ ድም ማለቱን ትቶ ቀጭ ይላል። ድምፁ ሲለወጥ ያቆማሉ። ስድስት መስመር ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀ፤ የእኔ ሥራ ከአቦል እስከ በረካ ሲኒ ማቀበል ነበር።

ብቻዬን የሠራሁት ሥራ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ሳጥን መሳይ ብረት ሁለት አገልግሎት አለው፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያደርሳል፣ የመኪናውንም ወገብ ይይዛል። አያ ለጁምዓ ሶላት በሄዱበት የግራውን በብረት መጋዝ ቆርጬ ጠበቅኋቸው፤ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ። ከመቁረጥ በፊት የበሩን ክፍተት በአንግል ብረት ማሰር ነበረብኝ። አላሰርኩም። ወገቧ ሰመጥ አለ። በክሪክ አንስተን አብዛኛውን መለስነው፤ የሾፌሩ በር ግን እስከ አሁን የሚዘጋው ከፍ አድርገው ሲይዙት ብቻ ነው። አያ ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «አብሽር፣ ሌባ አይደፍራትም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሌላው ሌላው በትዕግሥት የሚያልቅ ነበር። የዛጉትን ቡሎንና ዳዶ በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፎ ማሳደር ይበቃል፤ ጠዋት አጥቦ ወዲያው ዘይት ማስነካት ነው፤ ካልሆነ በማግስቱ ተመልሶ ቀይ ሆኖ ይጠብቃል። (እናቴ የሎሚዎቹን ነገር እስከ ዛሬ ታነሳለች።) የተጣበቀውን ሞተር ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅዬ በካንዴላ ቀዳዳዎቹ አጠጣሁት፤ በወሩ ሲጥ ብሎ ተላቀቀ። የፊት እግሮቹን ቡሽ የቶርኖ ሠራተኛው ከአንድ ድሮ ወፍጮ ከወጣ የነሐስ ቁራጭ አወጣልን። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ስለ ጠፋ፣ ኮምቦልቻ ቁርጥራጭ ብረት መሐል ከአንዲት ታናሽ እህቷ ላይ ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ፈታሁ፤ አምፖሎቹንና የእሳት ኮይሉንም ለወጥኩ። ሞተሩን የሚያስነሣው የድሮው ሞተሪኖ ግን እንዳለ ነው፤ ለ6 የተሠራው 12 ሲደርሰው እንደ ደነገጠች በቅሎ ይነሣል።

የኋላውን ቀኝ እግር የፈታነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታምቡሩ ሲወጣ የፍሬን ሸራው አዲስ ነው፤ ምንም አልተበላም። ሦስቱ ተበልተው ብረት ሊነኩ ደርሰዋል። ደስ ብሎኝ «ይህቺ እንኳ ተርፋለች» አልኩ። አያ አልመለሱልኝም። የፍሬን ቱቦውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ተከተሉት፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ እጄን ይዘው አስነኩኝ። በመዶሻ ተጠፍጥፏል፣ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፣ በስታኞ ተደፍኗል። ወደዚያ እግር አንድ ጠብታ የፍሬን ዘይት አይደርስም።

የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ነው። አንዱ እግር ጋ ሲሊንደሩ ካፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ፤ መለዋወጫ ከሌለ የሚያፈሰውን ዘግቶ በሦስቱ መሄድ ነው። «ያኔ ዕቃ ሲጠፋ ሁላችንም የምናደርገው ነው» አሉ አያ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ኀፍረትም አልነበረም።

እኔ ግን መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ልጆች ነበርን፤ አራታችን ከኋላ፣ አንዱ ከወንበሩ ጀርባ ካለችው የዕቃ ጉድጓድ፣ ትንሿ እናቴ ጭን ላይ። ለዒድ ሐይቅ፣ ለዘመድ ጥየቃ ኮምቦልቻ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። በየኩርባው ወደ ጎን እየተንሸራተትን አንዳችን በአንዳችን ላይ ስንወድቅ እንስቅ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ደብቄ አቆይቼ ላስደነግጣት አልፈለግሁም። እሷ ግን ጀበናውን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አውቅ ነበር እንጂ። አንተ ከኋላ ሆነህ ትስቃለህ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ሐረጎን በሰለዋት ነበር የማወርዳት።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አልኩት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል አለኝ። ይመጣል፣ ይመጣል፤ ስንት ዓመት።»

አባቴን፣ አላህ ይማረውና፣ ግድ የለሽ ነበር እንዳልል የሚከለክለኝ ነገር አለ። መለኪያ ለሌላት መኪና ራሱ መለኪያ ሠርቶላት ነበር። ኮፈኖው ሥር ያገኘሁት ክንድ የሚያክል የወይራ ዱላ ነው። በባዶው ሰልባቲዮ፣ በቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ አምስት አምስት ሊትር እየጨመረ፣ ዱላውን እየነከረ፣ እርጥቡ በደረሰበት በቢላ ጭረት አውጥቶበታል፤ ለ40 ሊትር ስምንት ጭረት። ሰልባቲዮው ከላይና ከታች ስፋቱ እኩል ስላልሆነ ጭረቶቹ እኩል አይራራቁም፤ እሱ ግን እያንዳንዱን በእርጥቡ ልክ አውጥቶታል። ከመጀመሪያው ጭረት ዝቅ ብሎ አንድ የመስቀለኛ ምልክት አለ። ምን እንደ ሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት የሚበቃው ነው።

ቤንዚን አልቆበት ልጆቹን መንገድ ላይ እንዳያሳድር ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ በሦስት እግር ፍሬን ሐረጎን ያወርዳቸዋል። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ታገልኩ፤ ያን ሰሞን መፍቻም አላነሳሁም። አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በርሜል ወለል ላይ የተቀመጠች መኪና ሾፌር ሆኜ የምናደደው ምን ስለሆንኩ ነው እላለሁ።

ፍሬኑ ላይ ብቻ በእጅ የተሠራ ነገር አልፈቀድኩም። አያም አልተከራከሩኝም። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ሲሊንደር ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄድኩ፤ አንድ ነጋዴ «ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠልኝ የፊት እግር ሲሊንደር ሆኖ ተገኘ፤ 400 ኪሎ ሜትር ድጋሚ ተመላለስኩ። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ለወጥነው። ትናንት ግቢ ውስጥ አራቱንም እግር አንጠልጥለን አንድ በአንድ እያሽከረከርን ፍሬን ያዝን። የኋላው ቀኝ ጥርቅ ብሎ ቆመ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። እናቴ ከፊት ነው የምቀመጠው ብላለች፤ አራቱም ይይዛሉ ስላት «እሺ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ዛሬ ማታ ኮፈኖውን ከፍቼ ዱላውን ነከርኩት፤ እርጥቡ ሁለተኛውን ጭረት ትንሽ አልፏል። ጠርጌ ወደ ቦታው መለስኩት።