የአዲስ አበባን ውሃ ከላይ ወደ ታች ስናሳይ

ስለ አዲስ አበባ ውሃ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅ ስባል መጀመሪያ ያገላበጥኩት ሰነድ ሁሉ በዓመተ ምሕረት የተደረደረ ነበር። ምንጭ፣ ቀጥሎ ቧንቧ፣ ቀጥሎ የገፈርሳ ግድብ፣ ቀጥሎ የለገዳዲ፣ ቀጥሎ የድሬ። ፎቶውን ተራ በተራ ሰቅሎ ሥር ሥሩ ዓመት መጻፍ ቀላል ነው። ጎብኚው ግን ሦስተኛው ፎቶ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያወጣል።

የዚህ ከተማ ውሃ ዋናው ጉዳይ ከፍታ ነው ብዬ አምናለሁ። እንጦጦ አናት ላይ የቆመ ሰው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለው። አቃቂ ሲደርስ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ወርዷል። ማን ውሃ እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚያገኝ፣ በስንት ወጪ እንደሚደርሰው ብዙው ነገር ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ አዳራሹን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚወርድ አደረግነው። ከመግቢያው በር ከራስ በላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ይነሳል። ግድግዳውን ይዞ እየወረደ መውጫው ጋ ጉልበት ላይ ይደርሳል። ፎቶም ሆነ ዕቃ በመስመሩ ላይ በየከፍታው ቦታውን ያዘ። ቀለምና ብሩሽ ብቻ ነው የጠየቀን። ዐውደ ርዕዩን ግን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ሲነገር ይጥማል። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲቀመጡ ተራራው ለጥበቃ ጥሩ ነበር፤ ብርዱ ግን አይቻልም፣ ውሃና እንጨትም ሩቅ ነው። በ1879 እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱና ታች ቤት ተሠራ። ሰው ወደ ውሃው ወረደ ማለት ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ውሃው ወደ ሰው መጣ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አደረሰው። ቧንቧው ሸለቆ ወርዶ ነው ኮረብታውን የሚወጣው። ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ ከተማው ጉድ አለ፣ ግጥምም ተገጠመ።

ይህንን በጽሑፍ ማስረዳት አልፈለግሁም። አናጢ ጠርተን የሁለት ኮረብታ ቅርጽ ያለው የእንጨት መደብ አሠራን። በመሃሉ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ዘረጋንና ቀለም ያለው ውሃ ሞላን። በእንጦጦው በኩል የቱቦው ጫፍ ምንጩን ከሚወክል ባልዲ ጋር ተያይዟል። ጎብኚው በገመድ ባልዲውን ወደ ላይ ሲስብ ቤተ መንግሥቱ ጋ ውሃው ፏ ብሎ ይወጣል። ሲያወርደው ቀጥ ይላል። ልጆች ከዚህ ቦታ በልመና ነው የሚነሱት። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ውሃው መውጣቱ አይቀርም፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ያገኙታል። ወለሉ እየረጠበ የጽዳት ሠራተኞቻችንን አስቸግሯል፣ ለዚህ መፍትሔው ትልቅ ሳፋ ነው። አዳራሽ ውስጥ ውሃ ይዘህ ከገባህ ሳፋ ቀድመህ ግዛ።

ገፈርሳንና ለገዳዲን ቶሎ ነው ያለፍናቸው። ገፈርሳ በአምቦ መንገድ፣ በ1930ዎቹ። ለገዳዲ በምሥራቅ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። ሁለቱም ከመሃል ከተማው ከፍ ስለሚሉ ውሃው አብዛኛውን መንገድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዘግየት ብሎ የመጣው የድሬ ግድብም ለገዳዲን ያግዛል። ግድብ በፎቶ ሁሌም ያምራል፤ ከፎቶው ይልቅ ሰው የቆመው ሁለቱ ብርሌዎች ጋ ነው። በሁለቱም የለገዳዲን ዓይነት ድፍርስ ውሃ ሞላን። የዚያ አካባቢ ጭቃ በጣም ደቃቅ ነው። ቅንጣቶቹ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ቢቀመጥ ቢቀመጥ አይጠልም። አንዱ ብርሌ ውስጥ አሉሚኒየም ሰልፌት ጨምረን ስናማስል ጭቃው እየተያያዘ እንደ ተበጣጠሰ እርጎ ይቋጥርና ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ውሃው ይጠራል። ሌላኛው እንደደፈረሰ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከመክፈታችን በፊት የሠፈር እናቶችን ጠርቼ ዕቃውን አሳየኋቸው። ይህን ለሌላ አዘጋጅ ሁሉ አጥብቄ እመክራለሁ። አንዲት እናት እንስራው ጋ ቆሙ።

«እማማ፣ እንዴት ነበር የሚታዘለው?» አልኳቸው።

«ገመዱን አምጣልኝ ልጄ» አሉ። ገመዱን በእንስራው ወገብ አዙረው ጫፉን ወደ ደረታቸው ሳቡና ጎንበስ አሉ። «አፉ ላይ ቅጠል ይደረጋል። አለዚያ ዳገት ስትወጣ ጀርባህን ያርስሃል።»

እንስራውን ከነገመዱ፣ ከነቅጠሉ አቀረብነው። ከጎኑ ቢጫ ጄሪካን፣ የቦኖ ወረፋ ፎቶ፣ በርሚልና ሮቶ። ግድብ የሠሩት መሐንዲሶች ስማቸው ተጽፏል። ውሃውን በጀርባቸው ቤት ያደረሱት ሴቶች ግን የትም አልተጻፉም። ከዐውደ ርዕዩ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ክፍል ይኼ ነው።

ከዚያ የፈረቃ ማዕዘን አለ። እዚያ ምንም ነገር አልሰቀልንም፣ ድምፅ ብቻ ነው ያስቀመጥነው። ብዙ ቤት ማታ ሲተኛ ቧንቧውን ከፍቶ ሥሩ ባዶ በርሚል ያስቀምጣል። ሌሊት ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ አየሩ ያፏጫል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ውሃው በርሚሉን ይመታል። ያ ድምፅ ነው ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው። ይህንኑ ቀድተን በጨለማ ጥግ አስቀመጥነው። የአዲስ አበባ ሰው ገና ፉጨቱን ሲሰማ ይስቃል፤ «ተነሱ፣ መጣች!» የሚልም አለ። የማያውቀው የውጭ እንግዳ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ወሬ ይጀመራል። በዚህ ማዕዘን ከጽሑፍ ይልቅ ወሬው ነው የሚያስረዳው።

ከጥጉ አጠገብ ትልቅ የከተማ ካርታ ሰቀልን። ጎብኚው ሠፈሩን ፈልጎ በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚያገኝ በባለቀለም ወረቀት ይለጥፋል። ካርታው በራሱ ጊዜ ሞላ። ጎረቤታሞች እርስ በርስ ተከራከሩበት። ማንንም ለመክሰስ አልነበረም የሰቀልነው፣ ሰው ውሃውን እንደ ከተማ ጉዳይ አንድ ላይ እንዲያየው ነው።

መጨረሻው አቃቂ ነው። እዚህ ውሃው ከከርሰ ምድር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጣው። ቦታው ግን የከተማው ግርጌ ነው። ስለዚህ ውሃው በፓምፕ ሽቅብ መገፋት አለበት፣ ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ ከአቃቂ ወደ ላይ የሚመለስ ቀይ መስመር ሳልን። መብራት ሲጠፋ ውሃ ለምን እንደሚጠፋ የጠየቀ ሁሉ መልሱን እዚያ አገኘ።

አንድ ተማሪ ልጅ ቀይ መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ጨረሰና «ጋሼ፣ ያጠብንበትስ ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ከፊሉ በፍሳሽ መስመር ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ፣ ብዙው ግን በየወንዙ ወደ አቃቂ። ሰማያዊውን መስመር በቡናማ ቀጠልንለት። አዳራሹ ስላለቀ ወደ ኮሪደሩ አወጣነው፤ አሁን ስለ ፍሳሹ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው። አሮጌ የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ፣ የጉድጓድ ክዳን ወይም የድሮ የአቃቂ ወንዝ ፎቶ ቤቱ ያለው ሰው ካለ በደስታ እቀበላለሁ።